ትሉ አልሞተም፤ መብላቱን ግን አቁሟል

ኮምቦልቻ አካባቢ፣ ቦርከና ዳር አጎቴ ትንሽ የመስኖ መሬት አላቸው። በበጋ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ያለሙባታል። ባለፈው ጥር ጎመኑን ትል ወረረው። እኔም ከደሴ አንድ ፓኬት የትል መድኃኒት ይዤ በሐረጎ ቁልቁል ወረድኩላቸው። አመሻሽ ላይ አብረን ረጨን። በማግስቱ ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«ያ ያመጣኸው ነገር ውሃ ነው እንዴ? ትሉ ቅጠሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል!»

«አብሽሩ አጎቴ። ትሉን ይተዉትና ቅጠሉን ይዩልኝ። ከትናንት ወዲህ የወጣ አዲስ ቀዳዳ አለ?»

ዝም አሉ። በማሳው መሀል ሲራመዱ ኮቴያቸው ይሰማኛል። ቆየት ብለው «አዲስ እንኳ የለም» አሉ። «ግን አልሞተም!»

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ትሉ ጠቁሯል፣ ሟሙቷል። በእንጨት ጫፍ ሲያነሱት እንደ ራሰ ክር ተዝለፍልፎ ይወርዳል።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያች የመጀመሪያ ጠዋት ስልክ ነው። የረጨነው ቢቲ የሚባለውን፣ ከባክቴሪያ የሚሠራውን ፀረ ተባይ ነበር። ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮት «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። እኔ ባየሁት መጠን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒቱ አይደለም። ማላታይን እንደሚባለው ኬሚካል ረጭተነው፣ እንደ ማላታይን ወዲያው ሬሳ ስለምንጠብቅ ነው። አሠራሩ ሌላ ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው አረጫጨቱንም ያውቀዋል።

ቢቲ የስም ምህጻር ነው። ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ይባላል። በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነው፤ የዓለም አፈር በብዛት አለው። ላብራቶሪ የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

መጀመሪያ የታወቀው በጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጃፓን ውስጥ የሐር ትል አርቢዎች ትሎቻቸው ድንገት እየተዝለፈለፉ ያልቁባቸው ነበር። ሺጌታኔ ኢሺዋታ የተባለ ተመራማሪ ምክንያቱ ይህ ባክቴሪያ መሆኑን ደረሰበት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ኧርነስት በርሊነር የተባለ ጀርመናዊ ያንኑ ባክቴሪያ ከዱቄት ወፍጮ በመጣ የሞተ የእሳት እራት ትል ውስጥ አገኘው። ትሉ የመጣው ቱሪንጊያ ከተባለው የጀርመን ግዛት ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ስፖሪን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ለሐር አርቢው መቅሰፍት የነበረው ለጎመን ተካዩ መድኃኒት ሆነ።

አሁን ወደ ትሉ ሆድ እንግባ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ባክቴሪያው ምግብ ሲያጥረው ወይም ኑሮ ሲከብደው ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። ስፖር ወደሚባል፣ ድርቀትን ወደሚችል ዘር መሰል ነገር ይለወጣል። ያኔ ከጎኑ አንድ የፕሮቲን ክሪስታል ይሠራል። ይህ ክሪስታል በራሱ ምንም አያደርግም። ትሉ ጀርባ ላይ ቢያርፍ፣ እግሩን ቢነካው ምንም አይሆንም። መበላት አለበት።

ትሉ ቅጠሉን ሲበላ ክሪስታሉን አብሮ ይውጠዋል። የእኛ ጨጓራ ኮምጣጣ ነው፤ ከሎሚ ጭማቂ ጋር የሚቀራረብ ነው። የትሉ ሆድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አመድ ውሃን አስቡት፤ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረውን፣ እጅ ላይ የሚያሟልጨውን። የትሉ አንጀት እንደዚያ ነው። ክሪስታሉ የሚሟሟው እዚያ ውስጥ ነው። ሲሟሟ የትሉ የራሱ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ቆርጦ ያስተካክለዋል፤ ያኔ መርዝ ይሆናል። ትሉ መርዙን በገዛ ሆዱ ያበስለዋል ማለት ነው።

ከዚያ ፕሮቲኑ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ለእሱ የሚስማማ መያዣ ፈልጎ ይጣበቅና ይበሳዋል። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ አይታችኋል። የትሉ አንጀት እንደዚያ ዓይን በዓይን ይሆናል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አፉ ይዘጋል፤ መብላት ያቆማል። የሆዱ ፈሳሽ ወደ ደሙ ይፈስሳል፤ ባክቴሪያዎችም ተከትለው ይገባሉ። ከሁለት እስከ አምስት ባለው ቀን ውስጥ ይሞታል።

አጎቴ ያዩት ይህንን ነው። ማታ ረጨን፣ ሌሊት በላ፣ ጠዋት አፉ ተዘግቷል። ሬሳው ግን ገና አልደረሰም። ለገበሬ የሚጠቅመው የትሉ ሬሳ ነው ወይስ የቅጠሉ መትረፍ? እኔ በዚህ ላይ ማንንም እስከ ማታ እከራከራለሁ።

ሰውስ? የእኛ ጨጓራ አመድ ውሃ ስላልሆነ ክሪስታሉ በትል ሆድ ውስጥ እንደሚሆነው አይሆንም፤ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። መርዙ የሚጣበቅበት መያዣም አንጀታችን ላይ የለም። ላምና ዶሮም እንደዚሁ። ንብም በአብዛኛው አትጎዳም። ስለዚህ ነው ከተረጨ በኋላ ምርት ለመሰብሰብ ብዙ ቀን መጠበቅ የማያስፈልገው። ያም ሆኖ ሲበጠብጡ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ዓይንን መጠበቅ ግድ ነው። ዱቄቱ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ወደ ሳንባ መሳብም የለበትም። «ባዮሎጂካል» ስለተባለ በባዶ እጅ አይታመስም።

እንዲህ ለይቶ መምታቱ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ቢቲ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ዘመዶች አሉት። ኩርስታኪና አይዛዋይ የሚባሉት የእሳት እራትና የቢራቢሮ ልጆችን፣ ማለትም ቅጠል የሚበሉ ትሎችን ይገድላሉ። ቴኔብሪዮኒስ የሚባለው አንዳንድ ጥንዚዛዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ የተገኘው እስራኤለንሲስ ደግሞ ውሃ ውስጥ ያለችውን የወባ ትንኝ እጭ ይገድላል። ከሐረጎ በታች ላለን ሰዎች ይህኛው ዘመድ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ስለዚህ ፓኬቱ ላይ «ቢቲ» የሚለውን አንብቦ መቆም አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ክሽክሽን በየትኛውም ቢቲ አታሸንፉትም። ክሽክሽ ቅጠል አይበላም፤ ምላሱን ወግቶ ከውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይመጥጣል። የረጨነው ደግሞ ከላይ፣ በቅጠሉ ቆዳ ላይ ነው ያለው። ነጭ ዝንብም እንደዚሁ። ጎረቤት የሆኑ ሰዎች ስለ አንበጣም ይጠይቁኛል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በወሎ የደረሰ ማሽላ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ባይጠይቅ ነው የሚገርመኝ። ለአንበጣ እነዚህ ለትል የሚሆኑት ቢቲዎች አይሆኑም። አንበጣ ቅጠል ቢበላም ሆዱ የትሉ ዓይነት አይደለም። ለእሱ የሚያገለግለው ሌላ ሕይወት ያለው መድኃኒት ነው፤ ሜታራይዚየም የሚባል ፈንገስ። ያ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው።

አሁን አረጫጨቱን ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ተሳስቼ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ፀሐይ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ረጨሁ። የኮምቦልቻን የጥር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ባክቴሪያውንም ክሪስታሉንም ያበላሻል፤ ቅጠል ላይ ያለ ቢቲ በጠራ ፀሐይ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። አመሻሽ ላይ የተረጨ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያገለግላል። ብዙ ትሎች ደግሞ ሌሊት ይበላሉ። ዝናብ ካለም ያጥበዋል። ስለዚህ ሰማዩን አይቶ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቅጠሉ ነው። ከላይ ከላይ ረጭቼ ሄድኩ። የጎመን ትል ግን ያለው ከሥር ነው። ዳይመንድ ባክ የሚባለውን ትንሹን አረንጓዴ ትል አስቡ፤ ሲያድግ እንኳ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ስትነኩት ይንፈራገጥና ክር ለቆ ይንጠለጠላል። ቅጠሉን ከሥር ይፍቀውና የላዩን ስስ ቆዳ ይተወዋል፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ብታነሱት እንደ መስኮት ያሳልፋል። መስኮቱን ካያችሁ ትሉ ከሥሩ ነው። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙሮ ከሥር መርጨት ወገብ ይሰብራል። ያለዚያ ግን ልፋት ብቻ ነው። ጎመን ደግሞ ሰም ስላለው ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል። ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቢጨመርበት ይይዝለታል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ግን አይሁን። እሱ ራሱ እንደ አመድ ውሃ ስለሆነ ክሪስታሉን መርጫው ውስጥ ሊያሟሟው ይችላል። ክሪስታሉ መሟሟት ያለበት ትሉ ሆድ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚብሰው፣ የትሉ ዕድሜ ነው። ትሉ አድጎ እስኪወፍር ጠብቄ ረጨሁ። ቢቲ የሚገድለው በደንብ ልጅ ትልን ነው፤ ከዕንቁላል ከወጣ ጥቂት ቀን የሆነውን። ትልቁ ትል ጥቂት ቢበላ ይታመምና ሊድን ይችላል። ስለዚህ ማሳ መዞር ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ቅጠል እየገለበጡ። ዕንቁላሉን ወይም መስኮቱን ያየ ገበሬ በጊዜው ይረጫል። ጎመኑ ወንፊት ሲሆን ያየ ገበሬ ዘግይቷል። ትል ደግሞ ባንዴ አይፈለፈልም፤ ዛሬ የተረጨው ነገ የሚፈለፈለውን አያገኘውም። ስለዚህ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል።

ቀሪው አጭር ነው። መጠኑ ፓኬቱ ላይ ያለው ነው። በዕለቱ የተበጠበጠ በዕለቱ ያልቃል፤ ለነገ አይቀመጥም። ፓኬቱም ከሙቀት ይራቅ፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ወራት የተጠበሰ ቢቲ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ፓኬት ካነሳሁ አንድ ነገር ልናገር። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት «ቢቲ ነው» ተብሎ ተሸጠልኝ። ስም የለውም፣ የማብቂያ ቀን የለውም። ቤት ደርሼ ስፈታው የኬሚካል ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ቢቲ እንዲህ አይሸትም። ለቀበሌው ዲኤ፣ ለግብርና ልማት ሠራተኛው፣ ወስጄ አስረከብኩት። ያን ቀን የተናደድኩት ለገንዘቤ አልነበረም። ያንን ዱቄት «ለሰው አይጎዳም» ብላ የምትረጭ እናት፣ በማግስቱ ቀጥፋ ለልጆቿ የምትቀቅለው ጎመን ነው በዓይኔ የመጣብኝ። አገራችን ለዚህ ሕግ አላት። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የታሸገ፣ ስሙና ቀኑ የሚነበብ ፓኬት ካልሆነ አትግዙ። ስትጠራጠሩ ከመርጨታችሁ በፊት ዲኤውን አማክሩ።

በቆሎና ማሽላ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። መጤ ተምች አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ መስመር አለው፤ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ልጅ ሳለ ቅጠሉን እንደ ጎመኑ ትል ይፍቃል። ሲያድግ ወደ ተክሉ እምብርት ይገባና ኩሱን እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ከላዩ ይከምርበታል። ያ ሰጋቱራ ከታየ በኋላ ቢቲ ቢረጭ እምብዛም አይደርስበትም። ከዚያ በፊት፣ ትሉ ቅጠል ላይ ሳለ፣ አይዛዋይ የሚለውን ቢቲ ወደ እምብርቱ አነጣጥሮ መርጨት ይጠቅማል። አነስ ላለች ማሳ ግን ዕንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም እስከ ዛሬ ደህና መድኃኒት ነው። አገዳ ቆርቁርም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ አገዳው ውስጥ ከገባ በላይ የተረጨ ነገር አያገኘውም።

ለቲማቲሙስ? ቱታ የሚባለው የቲማቲም ትል በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መሀል ዋሻ ቆፍሮ ነው የሚኖረው። ቢቲ ገና ከዕንቁላል ወጥቶ ሳይቆፍር ካገኘው እንጂ ዋሻው ውስጥ ገብቶ አይፈልገውም። እዚህ ላይ ሌላ የባክቴሪያ ውጤት ይረዳል፤ ስፒኖሳድ ይባላል። ይህን የሚሠራው ባክቴሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ካሪቢያን ውስጥ ከተተወ የሩም መጥመቂያ አፈር ላይ ነው። አረቄ ሲወጣበት ከኖረ ግቢ አፈር ዘግኖ መድኃኒት ማግኘት! ስፒኖሳድ የሚሠራው ነርቭ ላይ ነው። ሲነካም ሲበላም ይገድላል፤ ወደ ቅጠሉ ሥጋም በመጠኑ ይሰርጋል። ከቢቲ ይፈጥናል። ነገር ግን እርጥብ ሳለ ንብ ይገድላል። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል ብቻ ይረጫል። ከባክቴሪያ የመጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ገር ነው ማለት አይደለም።

አንድ ስጋት ደግሞ አለኝ። ቢቲን ወደድነው ብለን በየሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ እሱን ብቻ ከረጨን ትሉ ይለምደዋል። ይህ ግምት አይደለም። ያው የጎመን ዳይመንድ ባክ እ.ኤ.አ. በ1990 ሀዋይ ውስጥ ማሳ ላይ ቢቲን መቋቋሙ ታትሞ ወጥቷል። መጀመሪያ ማሳ ላይ ቢቲን የለመደ ተባይ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች ትሉ እዚያ ቶሎ ቶሎ ይራባል፤ ትውልድ በበዛ ቁጥር የመልመድ ዕድሉም ይበዛል። ስለዚህ አሠራሩ ከተለየ መድኃኒት ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል። ጎመን በጎመን ላይ አለመትከል፣ የተሰበሰበበትን ጉቶ ነቅሎ መቅበርም ግማሽ መድኃኒት ነው። ማሳ ላይ የምታዩዋትን ቀጭኗን ተርብም አትግደሏት። ትል ውስጥ ዕንቁላሏን እየጣለች ትጨርስላችኋለች። ቢቲ እሷን አይነካትም። ኬሚካሉ ግን ከትሉ ቀድሞ የሚጨርሰው እሷን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትል ጠላት የለውም።

ቢቲን ብዙ ጊዜ ከሚምታታበት ነገር ልለየው። «ቢቲ ጥጥ» ሲባል የሰማ ሰው ይህንንም ዘሩ የተለወጠ ነገር ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ቢቲ ጥጥ እንዲመረት በ2010 ዓ.ም ፈቅዳለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባላት ኮምቦልቻ ወሬው ቶሎ ደርሷል። እዚያ የክሪስታሉ ፕሮቲን መመሪያ በጥጡ ዘር ውስጥ ገብቷል፤ ተክሉ ራሱ ይሠራዋል። እኛ የምንረጨው ግን ባክቴሪያውን ራሱን ነው። ጎመኑ ያው የድሮው ጎመን ነው። ስለ ዘሩ ጉዳይ ሰው የወደደውን አቋም ይያዝ፤ ሁለቱን ግን አያምታታ።

አጎቴ ጎመኑን ሰበሰቡ። የውጪዎቹ ቅጠሎች ቀዳዳ ነበራቸው፤ ጥቅሉ ግን ንጹሕ ነው። ገበያ ላይ አንዲት ሴት ቀዳዳውን አይታ «ትል የበላው ነው?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ፣ ጀምሮት ነበር» አሏት። ሁለት ጥቅል መዝና ወሰደች።

አሁን ቲማቲሙ ላይ ነን። ትናንት ማታ ደውለው ቅጠል ሥር ነጭ ነጭ ዕንቁላል አየሁ አሉኝ። ዝናብ አለ ወይ አልኳቸው። የለም አሉ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ እገኛለሁ።